የመኪና መስኮት ጎማ ለምን ያፈሳል? የአሮጌ መኪናን በርና መስኮት የመጠገን ሳይንስ

ከሚዛን ተፈሪ ወደ ደቡብ ተጉዞ ማጂ ወረዳ ሲደረስ የቱም ከተማ ትገኛለች። አካባቢው በዛሬው የደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ሕዝቦች ክልል ውስጥ ሲሆን፣ ከቴፒና ከበበቃ የቡና እርሻዎች ጋር በአገራችን እጅግ ዝናባማ ከሆነው ክፍል ይመደባል። በዚህ መሬት ዝናብ የክረምት እንግዳ አይደለም፤ ከበልግ ጀምሮ እስከ መጸው ድረስ ይወርዳል። በመሆኑም በዚህ መንገድ የሚመላለስ መኪና ከሞተሩና ከእግሩ ጎማ ባልተናነሰ የሚፈተነው በአንድ ትንሽ ነገር ነው፤ ይኸውም በበሩና በመስኮቱ ዙሪያ በተዘረጋው ቀጭን ጎማ ነው።

ብዙ ጊዜ ይህን ክፍል ልብ የሚለው የለም። በመስኮቱ ዙሪያ ያለው ጌጠኛ ክፈፍ ቀለሙ ይላጣል፤ ጎማው ይሰነጠቃል፤ ከዚያም የወለሉ ምንጣፍ መራስ ይጀምራል። ባለቤቱ ወደ ገበያ ወጥቶ አንድ ቱቦ ሲሊኮን ይገዛና ባገኘው ቀዳዳ ሁሉ ይሞላበታል። በዓመቱ ወለሉ ተበስቶ ይገኛል። ለመሆኑ እንዲህ የሚሆነው ለምንድን ነው? ውኃው የሚገባውስ በየት በኩል ነው? በዚህ ጽሑፍ ጥያቄዎቹን በፊዚክስና በኬሚስትሪ ዓይን እንመለከታለን፤ ቀጥሎም በእጅ ባለ ቀላል መሣሪያ ሊደረግ የሚችለውን ጥገና በቅደም ተከተል እናቀርባለን።

ጉዳዩ ከአንድ መኪና በላይ ነው። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ቁጥር 1186 ያገለገሉ መኪኖችን ወደ አገር ማስገባት እጅግ ውድ አደረገው። በ2016 ዓ.ም. ደግሞ መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች እንዳይገቡ መወሰኑን አስታወቀ። ስለሆነም ዛሬ በአገሪቱ መንገዶች ላይ ያሉት አሮጌ መኪኖች ገና ለብዙ ዓመታት እንዲያገለግሉ የሚጠበቁ ናቸው። የሞተር ዕቃ ከአዲስ አበባ፣ ከመርካቶ ሶማሌ ተራ ተፈልጎ ሊመጣ ይችላል፤ በዝገት የተበላ አካል ግን እንደ ሞተር ዕቃ ተፈትቶ በቀላሉ የሚቀየር አይደለም።

1. ጎማ ምንድን ነው?

ተፈጥሯዊ ጎማ የሚገኘው ሄቪያ ብራዚሊየንሲስ ከሚባለው ዛፍ ነው። ዛፉ ቅርፊቱ ሲጫር ወተት የሚመስል ፈሳሽ ያወጣል። የዛፉ የትውልድ አገር የአማዞን ደን ቢሆንም ሞቃትና ዝናባማ መሬት ስለሚስማማው በእኛው ደቡብ ምዕራብ፣ በጉራፈርዳ ወረዳ ተተክሎ ይገኛል። መኪናን የሚያዝገው ዝናብ ጎማ የሚሰጠውን ዛፍም የሚያበቅል መሆኑ የሚገርም ነው።

ጥሬው ጎማ ረዣዥም የሞለኪውል ሰንሰለቶች ስብስብ ሲሆን፣ ሰንሰለቶቹ አንዱ በሌላው ላይ ስለሚንሸራተቱ በሙቀት ይለሰልሳል፣ በብርድ ይደርቃል። እ.ኤ.አ. በ1839 አሜሪካዊው ቻርልስ ጉድይር ጎማን ከድኝ ጋር አዋሕዶ ማሞቅ ይህን ጠባይ እንደሚለውጥ ደረሰበት። የድኝ አተሞች በሰንሰለቶቹ መካከል እንደ ድልድይ ይሆናሉ። ከዚያ በኋላ ጎማው ሲሳብ ይለጠጣል፤ ሲለቀቅ ወደ ቀድሞ ቅርጹ ይመለሳል። የበር ጎማ ሥራውን የሚያከናውነው በዚሁ ጠባዩ ነው፤ በሩ ሲዘጋ ይጨመቃል፣ ወደ ቅርጹ ለመመለስ በሚያደርገው ግፊትም ክፍተቱን ይሞላል።

ይሁን እንጂ በተፈጥሯዊ ጎማ ሰንሰለት ላይ ሁለት የካርቦን አተሞች በእጥፍ ትስስር የተያያዙባቸው ቦታዎች አሉ። በአየር ውስጥ በጥቂቱ የሚገኘው የኦዞን ጋዝ እነዚህን ቦታዎች እየመረጠ ይቆርጣል። ስንጥቁ ሁልጊዜ በተወጠረው ክፍል ላይ ይጀምራል፤ አቅጣጫውም ጎማው ለተወጠረበት አቅጣጫ ቀጥ ያለ ማዕዘን ይሠራል። ማንም ተማሪ የአሮጌ መኪና በር ከፍቶ ጎማው በሚታጠፍበት ጥግ ላይ ቢመለከት ይህንኑ ያያል።

ከ1960ዎቹ እ.ኤ.አ. ወዲህ አምራቾች ለበርና ለመስኮት ከኤቲሊንና ከፕሮፒሊን የሚሠራውን ሰው ሠራሽ ጎማ እየመረጡ መጥተዋል። የዚህ ጎማ ዋና ሰንሰለት እጥፍ ትስስር ስለሌለው ኦዞንን ይቋቋማል። ጥቁር የሚሆነውም ለውበት ብቻ ሳይሆን በውስጡ የተጨመረው የካርቦን ጥላሸት የፀሐይን አልትራቫዮሌት ጨረር ስለሚውጥ ነው። የጨረሩ ብርታት ከፍታ በ1000 ሜትር በጨመረ ቁጥር በ10 በመቶ ገደማ ያድጋል፤ ስለዚህ በደጋ የሚውል ጎማ በቆላ ከሚውለው ይልቅ በፀሐይ ይጎዳል።

ሦስተኛው የጎማ ጠላት ጊዜ ራሱ ነው። ለዓመታት ተጨምቆ የኖረ ጎማ በተጨመቀበት ቅርጽ አዲስ ትስስር ያበጃል፤ በሩ ሲከፈትም አይመለስም። እንዲህ ያለው ጎማ ሳይሰነጠቅና ሳይቀደድ ውኃ ያሳልፋል። ስለሆነም "ጎማው ደህና ይመስላል" ማለት "ጎማው ይሠራል" ማለት አይደለም።

2. ክፈፉ ለምን ይላጣል?

በመስኮቱ ዙሪያ ያለው ክፈፍ ከአሉሚኒየም፣ ከማይዝግ ብረት ወይም ከፕላስቲክ ይሠራል። የመኪናው አካል ግን የብረት ላሜራ ነው። እነዚህ ነገሮች በሙቀት የሚረዝሙት እኩል አይደለም። አንድ ሜትር የሚረዝም ክፈፍ በሌሊት 15 ዲግሪ፣ በቀትር ፀሐይ 65 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ቢደርስ፣ ማለትም ሙቀቱ በ50 ዲግሪ ቢለወጥ፣ ብረቱ በ0.6 ሚሊ ሜትር፣ አሉሚኒየሙ በ1.15 ሚሊ ሜትር፣ የፒቪሲ ፕላስቲኩ ደግሞ በ3.5 ሚሊ ሜትር ገደማ ይረዝማል። መስተዋቱ ከ0.5 ሚሊ ሜትር አያልፍም። ይህ መሳሳብ በየቀኑ ይደጋገማል። ቀለሙ ከሥሩ ካለው ነገር ጋር እኩል መለጠጥ ሲያቅተው በጠርዙ በኩል ይለቃል፤ በለቀቀበት ቦታም ውኃ ይገባል።

ከዚህ ቀጥሎ ኤሌክትሮኬሚስትሪ ሥራውን ይጀምራል። ሁለት የተለያዩ ብረቶች ተነካክተው በመካከላቸው ጨው ወይም አሲድ ያለበት ውኃ ካደረ ትንሽ ባትሪ ይሆናሉ። የማይዝግ ብረት ክፈፍ በተጫረ ላሜራ ላይ ካረፈ አኖድ የሚሆነው ላሜራው ነው፤ ስለዚህ የሚበላው እርሱ ነው። ጭረቱ ትንሽ፣ ክፈፉ ግን ትልቅ በመሆኑ ጠቅላላው የኤሌክትሪክ ፍሰት በዚያች ጭረት ላይ ይከማቻል፤ ዝገቱም ይፋጠናል። ክፈፉ አሉሚኒየም ከሆነ ደግሞ ነገሩ ይገለበጥና አሉሚኒየሙ ይበላል፤ በሥሩም ነጭ ዱቄት ይገኛል። ዝገት ከተሠራበት ብረት ከ2 እስከ 6 እጥፍ የሚደርስ ቦታ ስለሚይዝ ቀለሙንና ጎማውን ከሥር ወደ ላይ ይገፋል። ስለዚህ ከጎማው ሥር የታየ እብጠት የጎማው በሽታ ሳይሆን የላሜራው ዝገት ምልክት ነው።

3. ውኃ ሽቅብ ይወጣልን?

ውኃ ወደ ታች ብቻ ይወርዳል ብሎ ማሰብ የሚያፈስበትን ቦታ እንዳናገኝ ያደርገናል። በሁለት ጠፍጣፋ ነገሮች መካከል ጠባብ ክፍተት ሲኖር የገጽ ውጥረት ውኃውን ሽቅብ ይስበዋል። የሚወጣበትን ከፍታ ለማግኘት የውኃውን የገጽ ውጥረት በ2 አባዝተን፣ ለውኃው እፍጋት፣ ለመሬት ስበትና ለክፍተቱ ስፋት ብዜት እናካፍላለን። የውኃ የገጽ ውጥረት በሜትር 0.072 ኒውተን ነው። ክፍተቱ 1 ሚሊ ሜትር ከሆነ ውኃው 1.5 ሴንቲ ሜትር ይወጣል። ክፍተቱ ወደ 0.1 ሚሊ ሜትር ሲጠብ ግን እስከ 15 ሴንቲ ሜትር ሊደርስ ይችላል። ከዚህ የምንረዳው አንድ ቁም ነገር አለ፤ ግማሽ ለግማሽ የተለጠፈ ጎማ ጭራሽ ከተነሣ ጎማ ይልቅ ውኃን በሩቅ ሊስብ ይችላል።

የነፋስ ግፊትም አለ። መኪና በሰዓት 80 ኪሎ ሜትር ሲሮጥ በፊት መስተዋቱ ላይ የሚያርፈው አየር እስከ 260 ፓስካል ገደማ ይገፋል። ይህ 2.6 ሴንቲ ሜትር ከፍታ ካለው የውኃ ዓምድ ጋር እኩል ነው። ቆሞ የማያፈስ መኪና በጉዞ ላይ የሚያፈሰው በዚህ ምክንያት ነው።

4. በሩ ውስጥ ውኃ መግባቱ ስሕተት አይደለም

ብዙዎች የማያውቁት፣ ነገር ግን የጉዳዩ ቁልፍ የሆነው ነጥብ ይህ ነው። በሚወርድና በሚወጣ መስተዋት ላይ የተደገፈው የውጭ ጎማ ውኃን ይጠርጋል እንጂ ፈጽሞ አያግድም። መኪናውን የነደፉት መሐንዲሶች ጥቂት ውኃ ወደ በሩ ሆድ እንደሚገባ አስቀድመው ያውቃሉ። ስለዚህ ሁለት ነገር አዘጋጅተዋል። አንደኛው በበሩ ታችኛ ጠርዝ ያሉት የውኃ መውረጃ ቀዳዳዎች ናቸው። ሁለተኛው ከበሩ የውስጥ ሽፋን ጀርባ የተለጠፈው ላስቲክ ነው፤ ይህ ላስቲክ ውኃውን ከተሳፋሪው ክፍል ለይቶ ወደ ቀዳዳዎቹ ይመራዋል።

እንግዲህ በቀይ አፈር መንገድ የሚሄድ መኪና ቀዳዳዎቹ በጭቃ፣ በቅጠልና በቡና ገለባ ሲደፈኑ ምን ይሆናል? የበሩ ሆድ እንደ ገንዳ ውኃ ይይዛል። ላሜራው ከውስጥ ወደ ውጭ ይዝጋል። ላስቲኩም ለሬዲዮ ወይም ለመስኮት ማንሻ ጥገና ተቀድዶ ሳይመለስ ከቀረ ውኃው ወደ ወለሉ ይፈስሳል። በዚህ ጊዜ ቀዳዳዎቹን በሲሊኮን መድፈን ቁስሉን ከነመግሉ እንደ መስፋት ይቆጠራል።

5. የሚያፈስበትን ቦታ ማግኘት

ከጥገና በፊት ምርመራ ይቀድማል። በመጀመሪያ ውኃው የዝናብ ነው ወይስ የጤዛ? በ25 ዲግሪ እርጥበት የጠገበ አየር በሜትር ኩብ 23 ግራም ያህል ተን ይይዛል፤ በ15 ዲግሪ የሚይዘው 13 ግራም ያህል ነው። የመኪናው የውስጥ ስፋት 4 ሜትር ኩብ ቢሆን፣ ሌሊት ሲቀዘቅዝ ወደ ውኃ የሚለወጠው 40 ግራም ገደማ ብቻ ነው። በአንጻሩ በሰከንድ አንድ ጠብታ የምታንጠባጥብ ቀዳዳ በአንድ ሰዓት 180 ሚሊ ሊትር ታስገባለች። ስለሆነም መስተዋቱ ብቻ ከረጠበ ጤዛ ነው፤ ምንጣፉ ከተጨመቀ በኋላ ውኃ የሚያፈስ ከሆነ ግን ቀዳዳ አለ።

ሀ) የወረቀት ፈተና፦ ቀጭን ቁራጭ ወረቀት በበሩና በጎማው መካከል አድርጎ በሩን መዝጋትና ወረቀቱን መሳብ። በበሩ ዙሪያ በየ10 ሴንቲ ሜትሩ ይደገማል። ወረቀቱ ያለ ምንም ተቃውሞ በሚወጣበት ቦታ ጎማው አይጨመቅም ማለት ነው።

ለ) የጠመኔ ፈተና፦ ጎማውን በደረቅ ጠመኔ ቀብቶ በሩን መዝጋትና መክፈት። በላሜራው ላይ ያልተቋረጠ ነጭ መስመር መታየት ይኖርበታል። መስመሩ የተቋረጠበት ቦታ ውኃ የሚገባበት ነው።

ሐ) የውኃ ፈተና፦ አንድ ሰው ውስጥ ተቀምጦ የእጅ ባትሪ ይይዛል፤ ሌላው ከውጭ በጆግ ውኃ ያፈስሳል። መጀመር ያለበት ከታች ነው። ከላይ ከተጀመረ ውኃው ሁሉን ቦታ ስለሚያዳርስ የትኛው እንዳፈሰሰ መለየት አይቻልም። በአንድ ቦታ ለጥቂት ደቂቃ አፍስሶ፣ ካልገባ ብቻ አንድ ስንዝር ከፍ ማለት ይገባል። በአንድ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ መለወጥ የማንኛውም ሳይንሳዊ ሙከራ ሕግ መሆኑን ተማሪዎች ልብ ይሏል።

6. ጥገናው በቅደም ተከተል

አንደኛ፣ የውኃ መውረጃ ቀዳዳዎችን በቀጭን እንጨት ወይም በፕላስቲክ ሽቦ መክፈት። ይህ ምንም ገንዘብ አይጠይቅም፤ ብዙ ጊዜም የችግሩን ትልቁን ክፍል ይፈታል።

ሁለተኛ፣ የበሩን የውስጥ ሽፋን በካቻቢቴ ፈትቶ ላስቲኩን ማየት። ከተቀደደ ወፍራም ላስቲክ በልኩ ቆርጦ መተካት ይቻላል። ከላይና ከጎን በደንብ መለጠፍ፣ የታችኛውን ጫፍ ግን ወደ በሩ ሆድ ማስገባት ያስፈልጋል፤ ውኃው የሚንጠባጠበው ወደዚያ እንዲሆን ነው።

ሦስተኛ፣ ጎማውን በሳሙናና በውኃ አጥቦ ማድረቅ። አንዳንዶች ጎማው እንዲያበራ በናፍጣ፣ በነጭ ጋዝ ወይም በተቃጠለ ዘይት ይወለውሉታል። ይህ ጎጂ ልማድ ነው። ተመሳሳይ ነገር ተመሳሳዩን ያሟማልና፣ ከነዳጅ የሚገኙ ፈሳሾች በጎማው ሰንሰለቶች መካከል ገብተው ያሳብጡታል፤ ያለሰልሱታልም። በምትኩ ግሊሰሪን ወይም የሲሊኮን ቅባት በስሱ መቀባት ይሻላል።

አራተኛ፣ የተላጠውን ክፈፍ ማደስ። በዙሪያው ያለውን የመኪና ቀለም በማጣበቂያ ወረቀት ሸፍኖ፣ ክፈፉን በብረት ሳይሆን በእንጨት ሽብልቅ ቀስ ብሎ ማንሣት ይገባል። የለቀቀውን ቀለም ፍቆ፣ በ400 ቀጥሎም በ600 ቁጥር ብርጭቆ ወረቀት ማለስለስ ይከተላል። ክፈፉ ብረት ከሆነ ቅባቱን በቲነር መጥረግ ይቻላል፤ ፕላስቲክ ከሆነ ግን ቲነር ስለሚያሟሟው ሳሙና ብቻ መጠቀም ያስፈልጋል። ከዚያ ፀረ ዝገት ቀለም፣ በላዩም ጥቁር ቀለም በስሱ ደጋግሞ መቀባት ነው። አንድ ወፍራም ቀለም ከላይ ደርቆ ከሥር እርጥብ ስለሚቀር ቶሎ ይላጣል፤ ሦስት ስስ ቀለም ይበልጣል። ክፈፉ ከመመለሱ በፊት ከሥሩ ያለው ላሜራ ዝገቱ እስኪለቅ ተፍቆ፣ ጭረቱ ሁሉ መቀባት አለበት። ስቱኮ በዝገት ላይ አይለጠፍም፤ ዝገቱ ከሥር ገፍቶ ያወጣዋልና።

አምስተኛ፣ የፊት መስተዋትን ጎማ መቀየር። በቀድሞዎቹ ላንድ ክሩዘሮችና ቮልስዋገኖች መስተዋቱ የተያዘው በጎማ ብቻ ስለሆነ ሥራው በሁለት ሰው ይቻላል። አዲሱ ጎማ በመስተዋቱ ዙሪያ ይጠለቃል። በጎማው የውስጥ ጎድጓዳ መስመር ሲባጎ ይዞርና ሁለቱ ጫፎች ከታች መካከል ላይ ይደራረባሉ። ጎማው በሳሙና ውኃ ይረጥባል። አንዱ ሰው መስተዋቱን ከውጭ በመዳፉ ሲገፋ፣ ሌላው ከውስጥ ሲባጎውን ቀስ እያለ ይስባል። ሲባጎው በወጣ ቁጥር የጎማውን ከንፈር በላሜራው ጠርዝ ላይ ያሳልፈዋል። መስተዋቱን በቡጢ መምታት ወይም ጠርዙን በካቻቢቴ ማንሣት ስንጥቅ ያስከትላል።

7. ሁለት ማስጠንቀቂያዎች

ሲሊኮን ሁሉ አንድ ዓይነት አይደለም። ሲቀባ የአቼቶ ሽታ የሚሰጠው ሲሊኮን በሚደርቅበት ጊዜ አሴቲክ አሲድ ይለቃል። ይህ አሲድ ባዶ ብረትን ያዝጋል። ለመታጠቢያ ቤት ሰድላ ቢስማማም ለመኪና ላሜራ አይሆንም። የግድ ሲሊኮን ካስፈለገ አሲድ የማይለቀው ዓይነት ተመርጦ፣ ላሜራው ተቀብቶ ከደረቀ በኋላ መሆን አለበት።

ሁለተኛው ማስጠንቀቂያ የሕይወት ጉዳይ ነው። በኋላ የተሠሩ አብዛኞቹ መኪኖች የፊት መስተዋታቸው በጎማ ሳይሆን በፖሊዩሬታን ማጣበቂያ የተለጠፈ ነው። ይህ መስተዋት የመኪናው ጣሪያ እንዳይጨፈለቅ ያግዛል፤ የተሳፋሪው የአየር ከረጢት በሚነፋበት ጊዜም ድጋፍ ይሆነዋል። በተራ ሲሊኮን የተለጠፈ መስተዋት ዝናብ ቢያግድም በግጭት ጊዜ ተነቅሎ ይወጣል። ስለዚህ የእንዲህ ያለውን መስተዋት ሥራ ለሠለጠነ ባለሙያ መተው ይገባል።

ማጠቃለያ

ጣሪያው በሚታጠፍ የስፖርት መኪናም ሆነ በማጂ ዳገት ላይ በሚጮኽ ላንድ ክሩዘር ሕጉ አንድ ነው። ውኃን ሙሉ በሙሉ ከማገድ ይልቅ መንገድ ሰጥቶ ማስወጣት ይቀላል። ለወላጆቻችን የሣር ክዳን ቤት አሠራርም ይህ እንግዳ አይደለም፤ ክዳኑ ዝናቡን የሚመልሰው ተዳፋት ሆኖ ስለሚያፈስሰው ነው። ከክረምት በፊት በአንድ ከሰዓት በኋላ ሥራ ቀዳዳዎቹን የከፈተ፣ ጎማውን ያጠበና ጭረቱን የቀባ ሰው፣ መኪናው ለብዙ ዓመታት እንድታገለግል አደረገ ማለት ነው።

ለመለማመጃ

1. በጎማና በላሜራ መካከል ያለው ክፍተት 0.05 ሚሊ ሜትር ቢሆን ውኃው እስከ ስንት ሴንቲ ሜትር ሊወጣ ይችላል?

2. 1.5 ሜትር የሚረዝም የአሉሚኒየም ክፈፍ ሙቀቱ በ40 ዲግሪ ቢጨምር በስንት ሚሊ ሜትር ይረዝማል? አሉሚኒየም በዲግሪ በአንድ ሜትር 0.023 ሚሊ ሜትር ይረዝማል።

3. የበሩ የውኃ መውረጃ ቀዳዳ ተደፍኖ፣ የውስጡ ላስቲክ ግን ደህና ቢሆን ወለሉ ይርሳልን? ላሜራውስ ምን ይሆናል?

መልስ፦ 1) 29 ሴንቲ ሜትር ገደማ። 2) 1.38 ሚሊ ሜትር። 3) ውኃው ከላስቲኩ ጠርዝ በላይ እስኪሞላ ድረስ ወለሉ ላይርስ ይችላል፤ የበሩ ላሜራ ግን ማንም ሳያየው ከውስጥ ይዝጋል። ወለሉ ደረቅ መሆኑ ብቻ በሩ ጤነኛ ለመሆኑ ማስረጃ አይሆንም።